የማይጥለው የሚጥል በሽታ

(የመግቢያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ይሰማል፤ ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል)

ሳምንታዊው የጤና ዝግጅታችን ነው።

ዛሬ በጥያቄ ልጀምር። ምንም በማይቃጠልበት ቦታ የሚቃጠል ነገር ሸትቷችሁ ያውቃል? አጠገባችሁ ያለውን ሰው ስትጠይቁት «ኧረ እኔ ምንም አይሸተኝም» ብሏችሁ ያውቃል? ወይስ ከሆዳችሁ ተነስቶ ሽቅብ ወደ ጉሮሮ የሚወጣ፣ ስም ልታወጡለት ያቃታችሁ ስሜት? ወይስ ለመጀመሪያ ጊዜ በገባችሁበት ቤት ቁጭ ብላችሁ «ይህን ቀን ኖሬዋለሁ፤ አሁን ያቺ ልጅ በሩን ትከፍታለች» አሰኝቷችሁ ያውቃል?

(አጭር ጸጥታ)

አንድ ጊዜ ደርሶባችሁ ከሆነ እለፉት። በተለይ ያ «ኖሬዋለሁ» የሚያሰኘው ነገር ጤነኛ ሰውም ላይ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ እኔም ደርሶብኛል። ነገር ግን ያው ስሜት፣ በዚያው መልኩ፣ እየተመላለሰ የሚመጣባችሁ ከሆነ የዛሬው ዝግጅት የእናንተ ነው።

(ከሰል ሲራገብ የሚሰማ ድምፅ፤ ከንግግሩ ሥር ይቆያል)

አንዲት ሴት እናስብ። ከብዙ ሰው ገጠመኝ እየቀነጨብኩ ያበጀኋት ናት፤ በየሰፈሩ አትፈልጓት። ስምም አላወጣሁላትም። «ባለቡናዋ» እንበላት። ዕድሜዋ 34፣ የአንዲት ልጅ እናት ናት።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከሰሉን እያራገበች ነው። ቡናው ታጥቦ ሰፌድ ላይ ተቀምጧል፤ ውሃው እንኳ አልደረቀለትም። የመቁያው ብረት ምጣድ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ድንገት ያረረ ቡና ሸተታት። ደህና አድርጎ ያረረ። ዞር ብላ ምጣዱን ነካችው፤ ቀዝቃዛ ነው። እዚያው ላይ ከእምብርቷ ከፍ ብሎ የሆነ ነገር ሽቅብ ተነሳ፤ ሊፍት ድንገት ሲነሳ ሆድን እንደሚያደርገው ዓይነት። ተከትሎ ፍርሃት መጣ፤ የምን ፍርሃት እንደሆነ የማይታወቅ። ከዚያ ሁሉም ጠፋ። ከሰሉ ገና አልተያያዘም ነበር።

በወሩ ደግሞ መጣ። ያው ሽታ፣ ያው ከሆድ የሚነሳ ነገር፣ ያው ፍርሃት፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ጎረቤቷ «ምን ሆንሽ?» ብትላት «እንጃ፣ ሽው አለኝ» አለቻት።

(ድምፁ ይጠፋል)

«ሽው አለኝ።» ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ሐኪሞች ይህን ስሜት «ኦራ» ይሉታል። ከጥንት ግሪክና ከላቲን የመጣ ቃል ነው፤ ነፋሻ አየር ማለት ነው። ከ1,800 ዓመት በፊት የኖረው ጌለን የተባለ ሐኪም ስለ አንድ የ13 ዓመት ልጅ ጽፏል። የልጁ ሕመም ከእግሩ ይነሳና በጭኑ፣ በጎኑ፣ በአንገቱ አድርጎ ራሱ ላይ ይወጣ ነበር። ሌላ ልጅ ደግሞ ስሜቱን ሲጠየቅ «እንደ ቀዝቃዛ ነፋስ ነው» አለ። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚነገረው ቃል ያን ጊዜ ከልጅ አፍ የወጣ ነው። ባለቡናዋ ጌለንን አታውቀውም፤ ያንኑ ቃል ግን በአማርኛ ተናገረችው። ስለዚህ እኛም ዛሬ «ሽውታ» እያልን እንቀጥል። ፊት ሲጣመም «ሽውታ መታው» የምትሉ አላችሁ፤ የዛሬው ሽውታ እሱ አይደለም።

(አጭር ሙዚቃ)

ለመሆኑ ሽውታ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው «የሚጥለው ሊመጣ ሲል የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው» ይላል። ግማሽ እውነት አለው። ሙሉው እውነት ግን፣ ሽውታው ራሱ ሕመሙ ነው። እደግመዋለሁ፤ ሽውታው ራሱ ሕመሙ ነው፣ በትንሹ የመጣ።

አንጎላችን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው። በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎች በጥቃቅን የኤሌክትሪክ ምልክት እየተቀባበሉ ይነጋገራሉ። አንዳንዴ በአንድ ጥግ ያሉት ተራ ይጥሱና ሁሉም ባንድ ላይ መጮህ ይጀምራሉ። የሚሰማን ስሜት የሚወሰነው ያ ጥግ በያዘው ሥራ ነው። የማየት ጥግ ከሆነ ባለቀለም ብርሃን ይታያል። የእጅን ስሜት የሚቀበለው ከሆነ ጣት ይነዝራል። ከጆሮ በላይ በጎን በኩል ያለውስ? ቴምፖራል ሎብ ይሉታል፤ ሽታ፣ ትዝታና ፍርሃት ግድግዳ ተጋርተው የሚኖሩበት ሰፈር ነው። የባለቡናዋ ሽታና ፍርሃት ተከታትለው የሚመጡት ለዚህ ነው። በሩ አንድ ነው።

ጩኸቱ በዚያው ጥግ ተነስቶ በዚያው ከበረደ ሰውየው እያወቀ ያልፋል። ወደ ጎረቤት ከተዛመተ ግን ዓይኑ እንደተገለጠ ይፈዛል፤ አፉን ያመነዥጋል፤ ልብሱን ይነካካል፤ ሲጠሩት አይሰማም። መላ አንጎሉን ካዳረሰ ያኔ ይወድቃል፣ ይንቀጠቀጣል። ሁላችንም የምናውቀው ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከገዛ ቋንቋችን ጋር ትንሽ ልጣላ። በሽታውን «የሚጥል» ብለን ሰየምነው። እንግዲህ ያልወደቀ ሰው የለበትም ማለት ነዋ! ባለሙያውም «ወድቀሽ ታውቂያለሽ?» ብሎ ይጠይቃል። «ኧረ አላውቅም» ትላለች። ካርዱ ላይ «የለም» ተብሎ ይጻፋል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ሳይጥልም፣ ንቃትም ሳያሳጣ የሚመጣው ሽውታ ግን ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ባለሙያዎች ሊግ በ2017 ባወጣው አመዳደብ ላይ ከሕመሙ ዓይነቶች አንዱ ሆኖ ሰፍሯል። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት እየተዞረ ከ60,000 በላይ ሰው የታየበት ጥናት አካሂደዋል፤ በ1990 ታትሟል። ከሺህ ሰው አምስት ያህሉ ሕመሙ ተገኝቶበታል፤ ዘመናዊ መድኃኒት የጀመሩት ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ትልቅ ሥራ ነው። እኔ ባነበብኩት ቁጥር ወደ ሐሳቤ የምትመጣው ግን በራፏ ላይ ቆማ «እኛ ቤት እንዲህ ያለ ሰው የለም» ብላ ወደ ቡናዋ የምትመለሰው ሴት ናት። ማንም ቢቆጥር እሷን ለማግኘት ይቸገራል።

(ሙዚቃ ከፍ ይላል፤ ዝቅ ይላል)

አሁን ከባለቡናዋ ጋር መልስ ፍለጋ እንውጣ።

መጀመሪያ አማቷ ሰሙ። «ልጄ፣ ይኼማ ዓይነ ጥላ ነው፤ ጠበል ግቢ» አሏት። ገባች፤ 14 ቀን ተጠመቀች። በ14ቱም ቀን ሽውታው አልመጣም። ደስ አላት። በ20ኛው ቀን መጣ። አያችሁ፣ በወር አንዴ የሚመጣ ነገር ለሁለት ሳምንት ቢጠፋ ጠበሉም፣ ክኒኑም፣ ጎረቤት ያመጣው ጤና አዳምም «እኔ ነኝ ያዳንኩት» ማለት ይችላል። ይህ በእኛ ብቻ የመጣ አይደለም። ጥንት ግሪኮች «የተቀደሰው በሽታ» ይሉት ነበር፤ ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት በሂፖክራተስ ስም የተጻፈ መጽሐፍ «ከሌላው በሽታ የበለጠ ቅድስና የለውም፣ መነሻው አንጎል ነው» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ እስካሁን አላለቀም።

ቀጥላ ጤና ጣቢያ ሄደች። ስለ ሽታው መናገር አሳፈራት። የሌለ ነገር ይሸተኛል ብትል ምን ሊሏት ነው? ስለዚህ «ከሆዴ ተነስቶ ወደ ላይ ይለኛል» ብቻ አለች። የተሰጣትን መልስ ገመታችሁ?

(አጭር ጸጥታ)

ጨጓራ! የጨጓራ መድኃኒት ለሦስት ወር። በርበሬ የለም፣ ቡና የለም። ለባለቡና «ቡና ተዪ» ማለት ምን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ። ባለሙያውን ግን አልወቅሰውም፤ የነገረችው የታሪኩን ሲሶ ነው።

ሌላ ቦታ ግፊቷና ስኳሯ ታየ፤ ደህና ነው። ሌላ ቦታ ደግሞ «ጭንቀት ነው፣ ብዙ አታስቢ» ተባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ማሰብ የጀመረችው።

በመጨረሻ ዕቁብ ሲደርሳት ኢኢጂ የሚባለውን የአንጎል ምርመራ አደረገች። ሹሩባዋን ፈታች፤ ፀጉሯን ታጥባ ያለ ቅባት ሄደች። ይህን ልብ በሉ፣ ቅባትና ቅቤ ያለበት ፀጉር ላይ ሽቦው አይይዝም። ወደ 20 የሚጠጉ ቀጫጭን ሽቦዎች ራሷ ላይ ተለጠፉ። ኤሌክትሪክ ወደ ራስ አይለቅም፤ ከውስጥ የሚወጣውን ማዳመጥ ብቻ ነው ሥራው። አያምም። ግማሽ ሰዓት ያህል ዓይኗን ክደኚ፣ ግለጪ፣ በኃይል ተንፍሺ እየተባለች ተኛች። ውጤቱ መጣ። «ምንም የለብሽም» ተባለች።

«ምንም የለብሽም።» ደስ የሚል ቃል አልነበረም? ታዲያ በሩ ላይ ቆማ ለምን አለቀሰች?

(አጭር ጸጥታ)

ሽውታው ተመልሶ እንደሚመጣ ታውቃለቻ! «ምንም የለብሽም» እና «ምንም አልታየም» አንድ አይደሉም። መሣሪያው የተናገረው ሁለተኛውን ነው። ወደ መጀመሪያው የቀየርነው እኛ ነን።

እስቲ አዲስ አበባ ስታዲየም አጥር ውጭ ቆማችኋል እንበል። ጎል ሲገባ ሕዝቡ ባንድ ላይ ይጮኻል፤ ትሰማላችሁ። ውስጥ፣ ከታች ባለው ወንበር፣ ሁለት ሰዎች በሹክሹክታ ቢጣሉስ? አትሰሙም። ኢኢጂ ከአጥሩ ውጭ የቆመ አድማጭ ነው፤ አጥሩ የራስ ቅላችን ነው። ሽውታ ደግሞ አዘውትሮ የሚነሳው ከጥልቁ፣ ከጠባብ ቦታ ነው። ሽውታው እየመጣ ሳለ እንኳ መሣሪያው ሳይሰማው የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። በዚያ ላይ የጊዜ ነገር አለ። በወር ሁለቴ የሚያልፍ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ «በዚህ መስመር አውቶቡስ የለም» ትላላችሁ?

ስለዚህ ምርመራው ሊደገም ይችላል። ሌሊት እንቅልፍ አጥታችሁ እንድትመጡ ልትታዘዙ ትችላላችሁ፤ የደከመና የሚያንቀላፋ አንጎል ምሥጢሩን ቶሎ ያወጣልና። ባለበት ቦታ ደግሞ ቀንና ሌሊት ከቪዲዮ ጋር ይቀዳል። ኤምአርአይ የሚባለው ፎቶ ሌላ ነገር ነው የሚፈልገው፤ የድሮ ጠባሳ፣ እብጠት፣ የደም ሥር ችግር። በሕፃንነት ለረጅም ጊዜ ያንቀጠቀጠ ትኩሳት፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት አደጋ ከዓመታት በኋላ ጠባሳቸው ሊናገር ይችላል። «ልጅ ሆነሽ ታመሽ ነበር ወይ?» ብላችሁ እናታችሁን ጠይቁ፤ እናታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውሉ። ኤምአርአዩም ንጹሕ ሊወጣ ይችላል። ያኔም ቢሆን የተባለው «አልታየም» ነው።

አንድ ላስጠንቅቅ። በልጅነቱ ኖሮበት የማያውቅ ጎልማሳ ላይ ሽውታ አዲስ ከጀመረ ፎቶው እንዳይዘገይ። አንዳንዴ ከሥሩ የሚያድግ ነገር ይኖራልና።

(ሙዚቃ)

የድሮ ታሪክ ላውጋችሁ። እንግሊዝ አገር ነው። አንድ ወጣት ስለ ገዛ ሕመሙ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። የሚመጣበት ሽውታ «ይህን ነገር ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ» የሚያሰኝ፣ የጠፋ ነገር የተገኘ ያህል ደስ የሚል ትዝታ ነበር። ይህ ወጣት አድጎ ራሱ ሐኪም ሆነ። የለንደኑ ስመ ጥር የነርቭ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን ይከታተለው ነበር፤ በጽሑፉም «ዜድ» በምትል አንዲት ፊደል ጠራው።

ይህ ዶክተር ዜድ አንድ ቀን ሳንባውን የታመመ ወጣት ሊመረምር የደረት ማዳመጫውን ሲያወጣ ሽውታው መጣበት። ሰው እንዳያናግረው ፊቱን ትንሽ ዞር አደረገ። ከዚያ የሚያስታውሰው እዚያው ክፍል ውስጥ መጻፊያ ጠረጴዛ ጋ ተቀምጦ ከሌላ ሰው ጋር ሲያወራ ነው። በሽተኛው የለም። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሄዶ ሲያየው አልጋው ላይ ተኝቷል፤ የምርመራው ውጤትም ተጽፏል፤ በግራ ሳንባ ታችኛው ክፍል የሳንባ ምች።

ማን ጻፈው? ራሱ ዶክተር ዜድ! ሲመረምር፣ ሲጽፍ፣ በሽተኛውን «ሂድ ተኛ» ሲል አንዱንም አያስታውስም። በጉጉት እንደገና መረመረው። የጻፈው ልክ ነበር።

ጃክሰን ይህን በ1888 አሳተመ። ዶክተሩ በ1894 ሞተ። አንጎሉ ሲመረመር በግራ በኩል፣ ሽታና ትዝታ በሚጎራበቱበት በዚያ ሰፈር፣ አንዲት ትንሽ የተጎዳች ቦታ ተገኘች። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ኢኢጂ የለም፤ ጀርመናዊው ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ መዝግቦ ያሳተመው በ1929 ነው። ሕመምተኛው የሚጽፈው ማስታወሻና የሚሰማው ሐኪም፣ የነበረው ይኸው ነው።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከባለቤቱ አፍ ነው። ሁለተኛ ደግሞ፣ ባለቤቱ የማያውቀው ነገር አለ! ዶክተሩ አንድ ሰዓት ቆይቶ ባይሄድ ኖሮ ምን እንዳመለጠው በምን ያውቅ ነበር? ስለዚህ የእናንተም ቃል፣ አጠገባችሁ የነበረው ሰው ቃልም ያስፈልጋል።

(አጭር ሙዚቃ)

ደብተር ያዙ። የልጅ ደብተር ይበቃል።

ሽውታው ሲያልፍ ሳይውል ሳያድር ጻፉ። ቀኑንና ሰዓቱን። ምን ስታደርጉ እንደነበር። መጀመሪያ ምን መጣ፣ ቀጥሎስ? ሽታ ከሆነ የምን ሽታ? የሌለ ነገር ሸተተኝ ማለት እብደት አይደለም፤ ለነርቭ ሐኪም ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። ምን ያህል ቆየ? ሰዓት ማየት ካልሆነላችሁ በጸሎት ለኩት፤ አቡነ ዘበሰማያት አንዴ እስክታደርሱ ወይም ፋቲሓ አንዴ እስክትቀሩ ከሆነ ያን ጻፉ። ያለፈው ሌሊት እንቅልፍስ እንዴት ነበር? ማኅሌት ቆማችሁ አደራችሁ? ጫት፣ አረቄ ነበረ? ሴቶች የወር አበባችሁን ቀን አብራችሁ ጻፉ፤ በእሱ ዙሪያ የሚበዛባቸው አሉ።

አጠገብ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ስልካችሁን አውጡና ፊቱን ቅረጹት። ለወሬ አይደለም፣ ለሐኪም ነው። እየቀረጻችሁ ስሙን ጥሩት። «ቀኝ እጅህን አንሳ» በሉት። አንድ ቃል ስጡት፣ «ሎሚ» በሉት። ሲያልፍለት «ምን ብዬህ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ሎሚን ካስታወሰ አንድ ነገር ነው፤ ካላስታወሰ ሌላ ነገር ነው። ይህች ሎሚ ከብዙ ምርመራ ትበልጣለች።

አሁን እንዲህ የምትሉኝ አትጠፉም፤ «ታዲያ የሸተተው፣ የፈራ ሁሉ የሚጥል በሽታ አለበት?» የለበትም። ሦስት ነገር ጠይቁ። ድንገት ይመጣል? አጭር ነው፣ ማለትም ከሰከንዶች እስከ ሁለት ደቂቃ? ሁሌ አንድ ዓይነት ነው? ድንገት፣ አጭር፣ አንድ ዓይነት። ሦስቱ አብረው ከመጡ ሐኪሙ ስለ ሽውታ ማሰብ አለበት።

የጭንቀት ማዕበልን ውሰዱ። እሱም ልብ ይመታል፣ ያስፈራል፤ ግን እየተቆለለ ሄዶ አሥር ደቂቃም ግማሽ ሰዓትም ሊቆይ ይችላል። ከሽውታ ጋር ለመለየት ሐኪምም የሚቸገርበት ጊዜ አለ፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ አብረው ሲኖሩም ይታያል። የማይግሬን ራስ ምታት ያለበት ሰው ደግሞ የሚያብለጨልጭ፣ የተሰባበረ መስመር ያያል፤ ቀስ በቀስ እየሰፋ ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ይቆይና ራስ ምታቱ ይከተላል። የሽውታ ብርሃን እንዲህ አይዘገይም። ቆመው ሳለ ዓይን ጨልሞ፣ አልቦ የሚመጣው ተራ ራስን መሳት ሊሆን ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ስኳሩን ይለካ። ሊነጋ ሲል ነቅታችሁ መንቀሳቀስ ቢያቅታችሁ፣ ደረት ላይ የተቀመጠ ነገር ቢመስላችሁ ዱካክ ነው። የማይጠፋ መጥፎ ሽታ ደግሞ ከአፍንጫ ሊሆን ይችላል።

(ሙዚቃ ዝቅ ብሎ)

ሕመሙ መሆኑ ከተረጋገጠስ? እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ከሆነ ተገቢውን ምርመራና ሕክምና ቢያገኙ ከመቶ እስከ ሰባ የሚደርሱት ሕመሙ ሳይነሳባቸው መኖር ይችላሉ። በአገራችን በስፋት የሚታዘዘው ፌኖባርቢታል ነው፤ ካርባማዜፒንና ሌሎችም አሉ። የሚመርጠው ሐኪም ነው። እኔ የምላችሁ አንድ ነው። የጀመራችሁትን መድኃኒት በራሳችሁ አታቋርጡ። ለጠበልም ብላችሁ፣ ለጾምም ብላችሁ፣ «ተሽሎኛል» ብላችሁም አታቋርጡ። ጠበሉን ተዉ አላልኩም፤ ክኒኑን ይዛችሁ ሂዱ ነው ያልኩት። በድንገት ሲቋረጥ ሕመሙ ተደራርቦ መጥቶ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ለመውለድ የምታስቡ ሴቶች ከማርገዛችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት፤ ቫልፕሮኤት የሚባለው መድኃኒት ጽንስ ይጎዳል። ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒን ደግሞ የወሊድ መከላከያ ክኒንንና በክንድ የሚቀበረውን ጉልበት ያሳጣሉ።

እስከዚያው ሦስት ነገር ፍሩ፤ እሳት፣ ውሃ፣ ከፍታ። ባለቡናዋ ያረረው ቡና ሲሸታት ከከሰሉ ፈቀቅ ብላ መሬት ትቀመጥ። የፈላ ጀበና ይዛ ከሆነ ታስቀምጠው። ዛሬ ሽውታ ብቻ የሆነው ነገ ሊጥል ይችላል፤ በአገራችን ከዚህ ሕመም ጋር የሚመጣውን የእሳት ቃጠሎ ያየ ያውቀዋል። መኪና መንዳትም እንደዚሁ ነው። አሜሪካ ሆናችሁ የምትሰሙን ሾፌሮች፣ ደንቡ በየስቴቱ ይለያያል። «እኔ እኮ አልወድቅም» ብላችሁ ሐኪም ሳታማክሩ መሪ አትያዙ።

የወደቀ ሰው ካያችሁ? ክብሪት አታሽትቱት! ክብሪቱ ምንም አያደርግለትም። አፉ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። አረፋው አይጋባም፣ ንኩት። በጎኑ አስተኙት፣ ራሱ ሥር ጋቢ አድርጉለት፣ ሰዓት ተመልከቱ። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከተደገመ ሐኪም ቤት ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

(ሙዚቃ ይቆማል)

ሰዓታችን እየገፋ ነው። ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንገናኝ። ከመሰናበታችን በፊት ግን ባለቡናዋን የት እንዳደረስናት ልንገራችሁ።

የነርቭ ሐኪም ዘንድ ገባች። ሐኪሟ «ወድቀሽ ታውቂያለሽ?» አላለቻትም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ «ሲመጣብሽ ምን ይሆናል? ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ» አለቻት። ባለቡናዋ ከቦርሳዋ የልጇን የሒሳብ ደብተር አወጣች። ከኋላ በኩል ነው የተጻፈው።

(ወረቀት ሲገለጥ የሚሰማ ድምፅ)

«ኅዳር 12። ከምሽቱ 1 ሰዓት። ከሰሉን ላያይዝ ነበር። ትናንት ልጄን አሟት ሌሊቱን አልተኛሁም። ያረረ ቡና ሸተተኝ። ከሆዴ ተነሳ። ፈራሁ። ቶሎ አለፈ። ልጄ አጠገቤ ነበረች። ‹እማዬ፣ ለምን አትመልሺልኝም? ሦስት ጊዜ እኮ ጠራሁሽ› አለችኝ። እኔ አንዱንም አልሰማሁም።»

ሐኪሟ እስክሪብቶ አነሳችና ከመጨረሻው መስመር ሥር አሰመረች።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)